መጸለይ ላቃተው ሰው የሚሆን ጸሎት
ሕመምንና መከራን ለእግዚአብሔር ለማቅረብ

የታመመ ሰው ሲጸልይ ይውላል ብለው የሚያስቡት ጤነኞች ናቸው። ወገቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆረጥመው ያደረ፣ ከኩላሊት እጥበት ተመልሶ አልጋ ላይ የወደቀ፣ ወይም ልጁን ቀብሮ የገባ ሰው መቁጠሪያውን ያነሣና ሁለተኛዋን ፍሬ ሳያልፍ ሐሳቡ ይበተንበታል። መጽሐፍ ቅዱሱን ቢከፍት ፊደሉ ይደበዝዝበታል። በዚህ ላይ ጸጸት ይጨመርበታል፤ «እግዚአብሔርን በምፈልግበት ሰዓት መጸለይ አቃተኝ» ይላል።

ለዚህ ሰዓት በካቶሊካዊው መንፈሳዊ ሕይወት የቆየ ልማድ አለ፤ ሕመሙን ራሱን ጸሎት አድርጎ ማቅረብ። «ለጌታ አቅርበው» ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተናል። እንዴት እንደሚቀርብ ቁጭ ብሎ ያስረዳን ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ምክሩ ብዙ ጊዜ «ቻለው» ከማለት ያለፈ ሆኖ አይሰማም። የሚችል ሰው ጥርሱን ነክሶ ብቻውን ይቆማል። የሚያቀርብ ሰው ሕመሙን ይዞ ወደ ክርስቶስ ይሄዳል፣ በዚያውም ስለ ሌላ ሰው ይለምናል።

ቀጥሎ ያለው መንገድ አጭር ነው። ጤና ሳለ ቢለመድ ይሻላል፤ አልጋ ላይ ሆነው የሚያነቡት ከሆነም አልዘገየም።

መሠረቱ

ቅዱስ ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ወደ ቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ (ምዕ. 1፣ ቁ. 24) ስለ እነርሱ በሚቀበለው መከራ እንደሚደሰት፣ ከክርስቶስ መከራ የቀረውንም ስለ ቤተ ክርስቲያን በሥጋው እንደሚፈጽም ይናገራል። አንባቢ እዚህ ላይ ቢደናገር አይፈረድበትም። የመስቀሉ ቤዛነት ጎደሎ አለበት ማለት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ብላ አታውቅም። ቤዛነቱ ሙሉ ነው። ነገር ግን በጥምቀት የአካሉ ብልቶች ሆነናል፤ የብልቱን ሕመም ደግሞ ራስ የሆነው እርሱ እንደ ባዕድ ነገር አይመለከተውም። ለእኛ ቦታ የተወልን በፍቅሩ እንጂ አቅም አንሶት አይደለም።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በጥይት ቆስለው ለሞት ተቃርበው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የሉርድ እመቤታችን በዓል በሚውልበት በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1984፣ «ሳልቪፊቺ ዶሎሪስ» የተባለውን ስለ ሥቃይ ትርጉም የሚያስተምረውን መልእክት አወጡ። ስለ ጉዳዩ አንድ ጽሑፍ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ቢመርጥ እመክራለሁ፤ የጻፉት ሰው ስለ ሕመም በወሬ የሚያውቁ አልነበሩም። ያንኑ ቀን በኋላ የዓለም የሕሙማን ቀን አድርገው ሠይመውታል።

መጀመሪያ መድኃኒትዎን ይውሰዱ

ሕመምን ማቅረብ ከሕክምና አያስቀርም። ኢየሱስ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት አባቱን ለምኗል። ጳውሎስም ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲወገድለት ጌታን ሦስት ጊዜ ጠይቋል። እርስዎም ፈውስ ይለምኑ፤ ሐኪም ያዘዘውን ይዋጡ፤ ማስታገሻ ካስፈለገዎት ያለ ሐፍረት ይጠይቁ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሰመመን ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ማስታገሻ መውሰድ ለክርስቲያን የተፈቀደ መሆኑን አስረድተዋል፤ ለሞት በተቃረበ ሕመምተኛም ቢሆን፣ የሚፈለገው ሥቃዩን ማቅለል እስከሆነ ድረስ። ከመድኃኒቱ የሚተርፍ ሕመም ሁልጊዜ አለ። የሚቀርበው እርሱ ነው፤ ማነሱም ዋጋውን አይቀንሰውም።

ካህንም ያስጠሩ። በእኛ አገር «ቄስ ተጠራለት» ከተባለ ጎረቤት ስለ ድንኳን ማሰብ ይጀምራል፤ በዚህ ፍርሃት ስንቱ ታማሚ ምሥጢረ ቀንዲልን ሳይቀበል ራሱን ስቶ ይቀራል። ቀንዲል ለማንኛውም በጠና ለታመመ ክርስቲያን ነው፤ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊትም ሊቀበሉት ይችላሉ፣ ሕመሙ ከጠናም ይደገማል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ከዚህ ምሥጢር ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ታማሚው ሕመሙን ከክርስቶስ ሕማማት ጋር የሚያዋሕድበት ጸጋ በዚህ ምሥጢር ይሰጠዋል ብላ ታስተምራለችና።

ከሁሉ በላይ ጠንከር አድርጌ የምናገረው ግን ስለ በደል ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ደሞዟ የተከለከለችና ፓስፖርቷ የተያዘባት እህት፣ በአለቃው የሚዋረድ ወጣት፣ እነዚህ ሰዎች «አቅርቡትና ተቀመጡ» ሊባሉ አይገባም። ሊወገድ የሚችል ክፉ ነገር መወገድ አለበት። ይሽሹ፣ ያመልክቱ፣ ለሚረዳዎት ሰው ይንገሩ። ከወጡ በኋላ በልብ የሚቀረው ቁስል፣ ያኔ ለማቅረብ ይበቃል፤ ይተርፋልም። በዚህ ጸሎት ስም ሰውን በበደል ውስጥ የሚያስቀምጥ፣ ቆብ ቢደፋም ካባ ቢደርብም፣ ተሳስቷል።

ሕመሙን በስሙ ይጥሩት

ለሐኪም የሚናገሩትን ያህል ለጌታ ይናገሩ። የት ነው የሚያምዎት? ከመቼ ጀምሮ? መቼ ይብሳል? «መከራዬን ሁሉ» የሚል ጥቅል ጸሎት ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከአፍ አያልፍም። «ጌታ ሆይ፣ ደረጃ ስወጣ የሚወጋኝን ይህን ጉልበት» ያለ ሰው ግን የሚያቀርበው ነገር በእጁ አለ። ሐዘን ከሆነ፣ «ማታ ሰው ሁሉ ሲሄድ ቤቱ ጭር የሚልበትን ሰዓት» ይበሉ። ሐፍረት ከሆነም ያው ነው፤ ሽንት የሚያመልጠው አዛውንት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት «ወልደሻል ወይ» በተባለች ቁጥር የሚሰማት፣ ሥራ አጥቶ ከሚስቱ ኪስ የሚቀበል ባል። ለሰው ከመንገር ይልቅ ለጌታ መንገር ይቀላል፤ ቢሆንም እዚያም እንሸፋፍናለን።

እዚህ ላይ አንድ ጠባያችን ያደናቅፈናል። እንዴት ነዎት ሲባል «ተመስገን» ማለት ልማድ ነው፤ መልካም ልማድም ነው። እርሱን ይዘን ጸሎት ውስጥ እንገባና ለእግዚአብሔርም እንደ ሠፈር ሰው «ደኅና ነኝ» ብለን እንወጣለን። እንዲህ አያድርጉ። ያጉረምርሙ፤ ያልቅሱ። ከመዝሙረ ዳዊት ብዙው እሮሮ ነው፤ ኢዮብም ጓደኞቹን ያስደነገጠ ነገር ተናግሯል፤ በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው ግን በኢዮብ ሳይሆን እግዚአብሔርን የተከላከሉ መስሏቸው በጮኹት በጓደኞቹ ነው።

ስለ ማን እንደሚያቀርቡት ይወስኑ

አንድ ሰው ይምረጡ። በዚህ መንገድ ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ይመስለኛል። ሕመም ሰውን ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ዓለም ሁሉ ጠብቦ አንድ አልጋና አንድ ጥርስ ያህል ይሆናል። የሌላ ሰው ስም መስኮት ይከፍታል።

የሕፃኑ ኢየሱስ ቅድስት ትሬዛ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ ፓሪስ ውስጥ ሦስት ሰዎችን በመግደል ሞት ተፈርዶበት ንስሐ ለመግባት እምቢ ስላለ ፕራንዚኒ ስለሚባል ሰው ሰማች። ጸሎቷንና ትንንሽ መሥዋዕቶቿን ስለ እርሱ አቀረበች፤ ቅዳሴም አስቀደሰችለት። ሰውዬው አንገቱ ከመቆረጡ በፊት የካህኑን መስቀል እንደሳመ በጋዜጣ አነበበች። ከ10 ዓመት በኋላ ገዳም ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ እየተሠቃየች ሳለ፣ ለጤናዋ ተብሎ በታዘዘላት የእግር ጉዞ ስትደክም ያየቻት እኅት እንድታርፍ ስትመክራት፣ ስለ አንድ በሩቅ አገር ስለሚደክም ሚሲዮናዊ እየተራመደች መሆኑን ነገረቻት። እርምጃ ነው የሰጠችው፤ ከመኝታ እስከ አትክልቱ ያለ እርምጃ። ይህች ከገዳም ግንብ ያልወጣች ሴት እ.ኤ.አ. በ1927 የሚሲዮኖች ጠባቂ ተብላ ታወጀች።

ማንን ይምረጡ? ቤተ ክርስቲያን የማይረግጥ ልጅዎን። ከእርስዎ አጠገብ በተኛው ታማሚ ላይ ሌሊት የሚያለቅሰውን ዘመድ። የሞተ ወላጅዎን፤ ቤተ ክርስቲያን ከሞት በኋላ በመንጻት ላይ ላሉ ነፍሳት ጸሎታችንና መሥዋዕታችን እንደሚረዳቸው ታስተምራለች፤ ተዝካር ለማውጣት አቅም ያጣ ሰው ይህን አያጣም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በየወሩ የሚያወጡትን የጸሎት ሐሳብ መያዝም ይቻላል። የበደለዎትን ሰው ስም ማንሣት ከሁሉ ይከብዳል፤ መጀመሪያ ቀን አይሞክሩት።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ስለት አያድርጉት። «ይህን ያህል ሌሊት ከታገሥኩ ልጄ ቪዛው ይምጣለት» የሚል ውል እዚህ ቦታ የለውም። ስለት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ይህ ግን ስጦታ ነው፤ ስጦታው የት እንደደረሰ ላያዩ ይችላሉ። ትሬዛ የፕራንዚኒን ነገር በጋዜጣ ማንበቧ ያልተለመደ ነገር ነው።

ጠዋት ላይ አስቀድመው ይስጡት

ሕመም ሲበረታ ሐሳብ መሰብሰብ አይቻልም፤ ስለዚህ ቃሉ አስቀድሞ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1844 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ቫልስ በተባለ ቦታ፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ተማሪዎች ወደ ሚሲዮን አገር ለመሄድ ቸኩለው ትምህርቱ ሰልችቷቸው ነበር። አባ ፍራንሷ ዣቪየ ጎትሬሌ የተባሉት መንፈሳዊ መሪያቸው ባሉበት ሆነው ሐዋርያ መሆን እንደሚችሉ ነገሯቸው፤ ጥናታቸውን፣ ድካማቸውን፣ የዕለት ሥራቸውን በየማለዳው ስለ ሚሲዮኑ እንዲያቀርቡ። ከዚያ የጸሎት ሐዋርያነት የሚባለው ማኅበር ተወለደ፤ ዛሬ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ዓለም አቀፍ የጸሎት መረብ በሚል ስም ይታወቃል። የማለዳው ጸሎት ብዙ ዓይነት ነው። በራስዎ ቃል ቢሉት የተሻለ ነው፤ መነሻ ካስፈለገዎት ግን እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ የዛሬን ቀን ከነሥራው፣ ከነደስታውና ከነሕመሙ ለአንተ እሰጣለሁ። ዛሬ በየመንበሩ ከሚቀርበው ቅዱስ ቁርባን ጋር አንድ አድርገህ ተቀበለው። ስለ እገሌ ይሁን። በኋላ ሕመሙ በርትቶብኝ መናገር ባልችልም ቃሌ ይኸው ነው። አሜን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት። ያልሻሩት ሐሳብ ጸንቶ ይቆያል፤ ቀኑን ሙሉ ባያስታውሱትም፣ በማደንዘዣ ቢተኙም።

ሰዓቱ ሲደርስ

አሁን ሕመሙ መጣ እንበል። ረጅም ነገር አይሞክሩ። በአንድ ትንፋሽ «ከአንተ ጋር፣ ስለ እገሌ» ይበሉ፤ በቃ። ይህም ካቃተዎ መስቀሉን ይጨብጡ። እጅዎም ካልታዘዘ የጠዋቱ ቃል አለ።

ምንም መንፈሳዊ ስሜት ላይሰማዎት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አይሰማም። እንዲያውም ልብ «አልፈልግም» እያለ ይጮኻል። በፍኖተ መስቀል 5ኛው ምዕራፍ ላይ ቆም ብለው የቀሬናውን ስምዖን ይመልከቱ። ከገጠር ሲመጣ ወታደሮች ይዘው አስገደዱት፤ ፈቃዱን የጠየቀው የለም። መስቀሉን ግን ተሸከመ፤ የኢየሱስ ትከሻም ለዚያች መንገድ ቀለለው። ማርቆስ የልጆቹን ስም፣ እስክንድሮስንና ሩፎስን፣ የሚያነሣው አንባቢዎቹ ቢያውቋቸው ይመስላል፤ የተገደደው ሰው ቤተሰብ ከምእመናን መካከል ሳይገኝ አይቀርም። ስለዚህ በግድ እንደተሸከሙት ቢሰማዎት አይፈሩ። ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን ምሥጢራትን በመቁጠሪያ የሚደግሙ ሰዎች 4ኛው ላይ እርሱን ሊያስቡት ይችላሉ።

ከራሳችን ምድርም አማላጅ አለ። የጎጃሙ መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ከሚሲዮናዊው ጳጳስ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር በጎንደር በታሰሩ ጊዜ በእርጅና ዕድሜ ላይ ነበሩ። ሃይማኖታቸውን ቢክዱ ይፈቱ ነበር፤ እምቢ ብለው በሰንሰለት እንደታሰሩ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ሲጎተቱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1855 መንገድ ላይ አረፉ። ሰንሰለት ምን እንደሚከብድ የሚያውቁ ናቸውና አልጋ ላይ ታስሮ ለዋለ ሰው እንዲለምኑ ይጠይቋቸው።

ወደ ቅዳሴ ይዘውት ይሂዱ

ይህ ጸሎት ቤቱ ቅዳሴ ነው፤ ከቅዳሴ ሲለይ ወደ ራስ ማዘን ያዘነብላል። በሥርዓተ ግእዝም ሆነ በላቲን ሥርዓት ኅብስቱና ወይኑ ሲቀርቡ፣ በልብዎ የሳምንቱን ሕመም ከዚያው ጋር ያኑሩት። በላቲን ሥርዓት ካህኑ ወይኑ ላይ ጥቂት ውሃ ሲጨምር ልብ ብለው ይዩ፤ የእኛ ሰውነት ከእርሱ አምላክነት ጋር መተባበሩን የሚያስታውስ ነው፤ ጠብታዋ ወይኑ ውስጥ ከገባች ወዲያ ለይቶ የሚያወጣት የለም።

መሄድ የማይችል ሰው ቅዱስ ቁርባን ቤቱ ድረስ እንዲመጣለት ቆሞሱን ይጠይቅ። አሠሪዋ ዓርብም እሑድም የማታስወጣት እኅት ደግሞ፣ ልብስ እየተኰሰች ሳለ በዚያች ሰዓት በሌላ አገር ቅዳሴ እየተቀደሰ መሆኑን አስባ ድካሟን ከዚያ ጋር ማዋሐድ ትችላለች። ፀሐይ በአንዱ ስትጠልቅ በሌላው ስለምትወጣ ቅዳሴ የሌለበት ሰዓት ማግኘት ያስቸግራል።

ጥቂት ማሳሰቢያዎች

በትንንሽ ነገር ይለማመዱ። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ተስፋ በጻፉት መልእክት፣ የዕለት ጥቃቅን መከራን ማቅረብ ቀድሞ የተስፋፋ ልማድ እንደነበር፣ የተጋነነና ጤናማ ያልሆነ አሠራርም እንደነበረበት ሳይደብቁ፣ እንደገና ቢታሰብበት መልካም እንደሆነ ጽፈዋል። የታክሲ ሰልፍ፣ እንጀራ ምጣድ ላይ እያለ የሚጠፋ መብራት፣ የአማት ሽሙጥ ለመለማመጃ ይበቃሉ።

ሕመም ፍለጋ አይሂዱ። እመቤታችን የተገለጠችላቸው የፋጢማ ልጆች ለኃጢአተኞች ብለው ወገባቸውን በገመድ ያስሩ ነበር፤ ከልጆቹ አንዷ ሉቺያ እንደተረከችው እመቤታችን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1917 ገመዱን አስረው እንዳይተኙ ከለከለቻቸው። ከዚያ ያነሰም ቢሆን፣ በፈቃድዎ የሚጨምሩትን ማንኛውንም ነገር የነፍስ አባትዎን ሳያማክሩ አይጀምሩ። ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ነው፤ መጾም ባለመቻሉ የሚያዝን ሰው ያንን ሐዘን ያቅርበው፣ መረቁንም ይጠጣ።

ጨለማው የአእምሮ ከሆነ፣ እንቅልፍ ከራቀ፣ ሕይወት ካስጠላ፣ ጸሎቱ ከሐኪም ጋር ይሂድ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ለቅርብ ሰው ዛሬውኑ ይናገሩ፤ ነገ አይበሉ።

ጠያቂ ሆነው ለሚሄዱ ደግሞ፦ ታማሚን «አቅርቢው» አይበሉ። ይህ ቃል ከታማሚው አፍ ሲወጣ ጸሎት ነው፤ ከጤነኛ አፍ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ በሩን ዘግቶ መሄድ ነው። እግሯን ያሻሹላት፣ ልብስ ያጥቡላት፣ ሌሊቱን ያስታምሙ። ራሷ ጥያቄውን ካነሣች ብቻ የራስዎን ጉዳይ ይንገሯትና ጸልዪልኝ ይበሏት። በልጅነቱ በአጥንት ነቀርሳ የማቀቀው ጣሊያናዊው ካህን ብፁዕ ሉዊጂ ኖቫሬዜ እ.ኤ.አ. በ1947 የሕሙማን ማኅበር ሲመሠርት ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ታማሚው የሚታዘንለት ብቻ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥራ ያለው ሰው እንዲሆን።

አንድ ነገር ቀረ። ያቀረቡለት ሰው እንዲያውቅ አይጣሩ። ልጅዎ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ቀን «ስለ አንተ ስንት ሌሊት ተሠቃየሁ» ቢሉት የሰጡትን ስጦታ ዕዳ ያደርጉበታል። መናገር ካስፈለገዎት ለነፍስ አባትዎ ይንገሩ። ለልጁ ቡና ያፍሉለት።